በአዴር ስልክ ውስጥ የቀረው መልእክት

የባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ ያለውን የመክፈያ ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቀይ ቀለም፣ በትንሽ ብሩሽ፣ ከመሥሪያ ቤታችን በር ፊት ለፊት ቆሜ። ነፋሱ ቀሚሴን እየገለበ ስላስቸገረኝ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ወደ ጎን ዘንበል ብለውብኛል። የባጃጁ ባለቤት ግን ሦስት ጊዜ ዞረው አዩትና "ማሻአላህ፣ እንደ ባንክ ሆነ!" አሉ። ያን ቀን ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። አሁን ያንን ደስታዬን ሳስታውሰው ያናድደኛል።

ባለቤቱን "አዴር" እላቸው ነበር። በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። እሳቸውም እኔን መልሰው "አዴር" ይሉኛል፤ በእነሱ ወግ ታላቅየው የተጠራበትን ስም ለታናሽየው መልሶ ይሰጣል። ስድሳን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። ያደጉት ጉናጋዶ አካባቢ ከግመል ጋር ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ጎልማሳ ሆነው የጭነት መኪና ነዱ፤ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ደግሞ ባጃጅ ገዝተው ጅጅጋ ተቀመጡ። እኔን በየጠዋቱ ከሰፈሬ ወስደው ቢሮዬ በር ላይ ያወርዱኛል። መንገድ ላይ ሌላ ሰው ይጭናሉ፣ ያወርዳሉ፤ የኔ ቦታ ግን የተያዘ ነው።

እኔ ደግሞ የጅጅጋ ልጅ ነኝ። አያቴ በወታደርነት መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ አባቴም እዚሁ ተወለደ፣ እኔም እዚሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። "አገርሽ የት ነው?" የሚለኝ ሰው ካለ ቱግ እላለሁ። "እዚሁ ነዋ! ከየት ልሆን ኖሯል?" ሶማልኛዬ ለገበያ ይበቃኛል፤ ሥጋ ተራ ከሚነግዱት ሴቶች ጋር ተከራክሬ አልሸነፍም፣ ለቅሶ ቤትም አጽናናበታለሁ። ማንበብ ግን አልችልም። የተማርኩት በአማርኛ ነው። ሶማልኛ የሚጻፈው በእንግሊዝኛው ፊደል ስለሆነ ድምፁን አወጣዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን አይመጣልኝም፤ ስናገረው የማውቀው ቃል እንኳ ተጽፎ ሳየው ባዕድ ይሆንብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። የጅጅጋ ልጅ ነኝ እያሉ ሲፎክሩ ኖሮ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

በስልክ መክፈል ባጃጅ ውስጥ የገባው ብሩ ከተቀየረ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት ጭቅጭቅ ነበር። ዝርዝር የለም፣ ይሄ ብር ተቀዷል፣ ይሄኛው በፕላስተር ተለጥፏል፣ አልቀበልም፣ ትቀበላለህ። ተማሪዎቹ ፈጥነው ወደ ስልኩ ዞሩ። ቁጥር ይነካካሉ፣ "ላክሁ" ይላሉ፣ ወርደው ይሄዳሉ። አዴር ግን እምቢ አሉ። ተማሪዎቹ ባጃጁ ላይ የመክፈያ ቁጥር ሲያጡ ሳይሳፈሩ ወደሚቀጥለው ይሄዱ ጀመር። እኔ በየቀኑ እያየሁ ተናደድኩ፤ በእሳቸው አንጀቴ ተቃጠለ።

"ይግቡበት እንጂ!" አልኳቸው አንድ ቀን። "ሁሉም ሰው የገባበት ነገር እርስዎን ምን ያደርግዎታል?"

"አዴር፣ ብሩን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ይሄን በምን አየዋለሁ?"

"በኔ ዓይን" አልኳቸው። ምን ነክቶኝ ነው እንዲያ ያልኩት? ግን አልኩ። ቅዳሜ ዕለት ይዣቸው ሄጄ አስመዘገብኳቸው፤ ሰኞ ቀለምና ብሩሽ ይዤ መጣሁ።

አዴር ቁጥር ለይተው ያውቃሉ። ችግሩ መልእክቱ ውስጥ ቁጥር መብዛቱ ነው፤ የተላከው፣ ያለው ቀሪ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሌላም ማንም የማያነበው ረጅም ቁጥር። ስለዚህ አንድ ሥርዓት አበጀን። ቀን ስልኩ "ጢጥ" ካለ ገንዘብ ገብቷል ብለው ያምናሉ፤ በማግስቱ ጠዋት እኔ ስሳፈር ያችን አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ወደ ኋላ ያቀብሉኛል፤ እኔ መንገዱን ሁሉ የትናንቱን እያነበብኩላቸው እሄዳለሁ።

እሳቸውን ደስ የሚላቸው ግን ገንዘቡ አልነበረም። መልእክቱ የላኪውን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ይዞ ይመጣል። የሶማሌ ሽማግሌ ሦስት ስም ከሰማ ሌላ ምን ይፈልጋል! "ቆይ፣ ቆይ" ይላሉ፣ ባጃጁን ቀዝቀዝ አድርገው። "አያቱን ድገሚልኝ። ወላሂ የዚያ የአንድ ዓይናው ልጅ ልጅ ነው! ከአያቱ ጋር ግመል ከአንድ ኤላ፣ ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ነው ያጠጣነው። ትናንት እዚህ ተቀምጦ ነበር? ምነው ሰላምታ እንኳን ሳልሰጠው!" አንዳንዴ የሰውየውን ዘር ቆጥረው ቆጥረው ከራሳቸው ጋር ያገናኙታል፤ ያን ጊዜ እየሳቁ መሪውን በመዳፋቸው ይመታሉ። የሐበሻ ስም ሲሆን ደግሞ ወደኔ ዞረው "ይሄስ የናንተ ነው፣ አንቺ ቁጠሪው" ይሉኛል። እኔ ከአያቴ በላይ አልዘልቅም። ይስቁብኛል። መልእክት እንዳጠፋም አይፈቅዱልኝም ነበር። "ሰው ይጠፋል እንዴ?" ይሉኛል፣ ከልባቸው ተቆጥተው።

ልጅ እንዳላቸው ያወቅኩት በአንድ የዝናብ ቀን ነው። መንገዱ ጎርፍ ሆኖ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠግተን ቆመን ነበር። ስልካቸው ጮኸ፤ በሁለት እጃቸው ያዙትና አዩት፣ ከዚያ ጥሪ ሳይሆን መልእክት መሆኑን ሲያውቁ ፊታቸው ወደቀ። ምነው አልኳቸው። ነገሩኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። እናቷ ሞታ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ያልፈቀዱትን ሰው ወደደችና ከእሱ ጋር ሩቅ ሄዳ፣ ሌላ ከተማ ያለ ቃዲ ዘንድ ተጋባች። ይቅርታ ልትጠይቃቸው ስትደውል "ዳግመኛ ድምፅሽን እንዳልሰማ" ብለው ዘጉባት።

"ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር" አሉ፤ ዝናቡን እያዩ። "ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ብያት እሺ ብላኝ አታውቅም። ይቺን ብቻ ሰማችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን አላሰማችኝም።"

"እርስዎ ለምን አይደውሉላትም?"

"ቁጥሯን ቀየረች። የባሏን ወገኖች ልጠይቅ እልና ምላሴ ይታሰራል።" ከዚያ ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱና "ብትደውል አነሳላት ነበር" አሉ።

ስለዚህ ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ለምን ዳር ይዘው እንደሚቆሙ ገባኝ። የሚጠብቁት ጥሪ ነበር። የሚጽፍላቸው ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ማንበብ እንደማይችሉ የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቃል። "ጢጥ" ካለ የባጃጅ ሒሳብ ነው። እኔም እንደዚያው አምን ነበር። አባቷ ድምፅሽን እንዳልሰማ ያላት ልጅ፣ አባቷን ሳታስቀይም ልትደርስበት የምትችለው መንገድ መጻፍ ብቻ መሆኑ አንዳችንም አልታየን።

አንድ ነገር ደግሞ መናዘዝ አለብኝ። ከክፍያው መልእክት መካከል አልፎ አልፎ በሶማልኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ይመጣል። የመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የላኪውን አጭር ቁጥርና የመቶኛውን ምልክት አይቼ "የጥቅል ቅናሽ ነው ይላል" አልኳቸው። ግምት ነው። እሳቸው ግን "ሶማልኛም ታነቢያለሽ!" ብለው በደስታ ጮኹ። አላረምኳቸውም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ለተሳፋሪው ሁሉ ማውራት ጀመሩ፤ ይቺ የሐበሻ ልጅ፣ የኛው ልጅ፣ ጽሑፋችንን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች እያሉ። እኔ አንገቴን ደፋ አድርጌ እንደ ትሑት እስቃለሁ።

ያ መልእክት የመጣበት ቀን ረቡዕ ነበር። ረፍዶብኛል። ስብሰባ አለን፣ አለቃችን ደግሞ የፊርማውን መዝገብ በሰዓቱ የሚያነሳ ሰው ነው። አጠገቤ አንዲት ሶማሌ ሴት የአትክልት ዘንቢሏን ታቅፋ ተቀምጣለች። አዴር እንደ ልማዳቸው ስልኩን አቀበሉኝና ለሴትየዋ ስለኔ ንባብ አወሩላት። ሴትየዋ ዞራ "እውነት ታነቢያለሽ?" አለችኝ። ፈገግ አልኩ። የትናንቱን ሦስት አራት ክፍያ አነበብኩ። ከዚያ ከዝርዝሩ አናት ላይ፣ ያን ዕለት ማለዳ የገባ፣ ረዘም ያለ የሶማልኛ ጽሑፍ መጣ። የላኪው ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ማስታወቂያ የሚልከው አጭሩ ቁጥር ሳይሆን ሙሉ የሰው ስልክ ቁጥር ነበር። ይህንን አይቻለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው።

"እሱስ የማን ነው?" አሉ አዴር።

ሴትየዋ እያየችኝ ነው። ጽሑፉን ከመካከሉ ገረፍ አደረግኩት፤ ምንም አልገባኝም። አልገባኝም ማለት ነበረብኝ። እሷን "እስቲ አንቺ እይው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣

"ማስታወቂያ ነው፣ አዴር" አልኩ።

"ሃዬ" አሉና ስልኩን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ቢሮ በር ላይ ወረድኩ። ለፊርማው ደረስኩ።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት አዴር ተኮሳትረው ጠበቁኝ። "ስልኩ ታሟል" አሉ። ሰዎች ከፈልን ይላሉ፣ ስልኩ ግን ጢጥ አይልም፤ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ተጣልተዋል። አየሁት፤ የመልእክት ማስቀመጫው ሞልቷል። ካላጠፋን አዲስ አይገባም አልኳቸው። ሰው ከሚያጠፉ ጥርሳቸውን ቢያወልቁ ይመርጡ ነበር፤ ግን ምን ያድርጉ? "የቆዩትን ብቻ" ብለው ሰጡኝና ቢሮ ይዤው ገባሁ።

አንድ በአንድ እያየሁ ማጥፋት ጀመርኩ። ክፍያ፣ ክፍያ፣ ማስታወቂያ፣ ክፍያ። ከዚያ ያ ረጅም መልእክት መጣ። በዚህ ጊዜ የሚያስቸኩለኝ አልነበረምና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። የመጀመሪያው ቃል "አቦ" ይላል። አባቴ ማለት ነው። ጅጅጋ ውስጥ ይቺን ቃል የማያውቅ ሕፃን የለም፣ ተጽፋም ብትሆን።

አጠገቤ የምትሠራውን ሶማሌ ባልደረባዬን ጠርቼ ስልኩን ሰጠኋት። አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። "ይሄ የማን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። በአማርኛ መለሰችልኝ፦

አባቴ፣ ድምፅሽን እንዳልሰማ ስላልከኝ አልደወልኩም። በየቀኑ አንድ ሰው መልእክት እንደሚያነብልህ ስለሰማሁ ነው የጻፍኩት። ነገ ሐሙስ ከባሌ ጋር ከጉናጋዶ ተነስተን ጅጅጋ እንገባለን፤ ከዚያ በቶጎ ውጫሌ ድንበር በኩል አገር ለቅቀን እንሄዳለን። ሴት ልጅ ወልጃለሁ፣ ስሟን ያንተን ወገን ስም ነው ያወጣሁላት። የቀብሪበያ መኪኖች የሚቆሙበት መናኸሪያ ላይ እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት ድረስ እጠብቅሃለሁ። ይቅር ካልከኝ ና። ካልመጣህም ይገባኛል፤ ከእንግዲህ አላስቸግርህም።

ሐሙስ። ያን ሐሙስ ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰላችሁ። ምን እንደለበስኩ፣ በየት መንገድ እንደሄድን፣ አዴር ምን እንዳወሩ። ምንም የለም። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ተሳፍሬ ሄጃለሁ ማለት ነው። መናኸሪያው ከቢሮዬ በባጃጅ የሩብ ሰዓት መንገድ እንኳን አይሞላም።

በዚያው ሰዓት ቁጥሩ ላይ ደወልኩ። አገልግሎት ላይ የለም አለኝ። በማግስቱም ደወልኩ፣ በሳልስቱም። እስከ ዛሬም አልተከፈተም። ለአዴር ስልኩን መልሼ "ተሽሎታል" አልኳቸው። መልእክቷን ግን አላጠፋሁም። ለራሴ ያልኩት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ልጅቷን ላግኛት፣ ከዚያ ነገሩን ከምሥራች ጋር እነግራቸዋለሁ። ፈርቼ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው። ሦስት ሳምንት ከኋላቸው ተቀምጬ ስም አነበብኩላቸው። የሰው አያት በሰሙ ቁጥር ሲስቁ እኔ ዓይኔን ከስልኩ ላይ አላነሳም ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬ ላይ እጇን አስደግፋ፣ "ነገ ጠዋት ካልነገርሻቸው እኔ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ" አለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ነገርኳቸው። በራሴ ድፍረት ነው ማለት በወደድኩ ነበር።

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወርደው ቢሮው በር ላይ ብቻችንን ስንቀር ሞተሩን እንዲያጠፉ ለመንኳቸው። ሁሉንም በአማርኛ ተናገርኩ፤ ሶማልኛዬ ከዳኝ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ አዳመጡ።

"መቼ ነው የመጣው?"

"ስምንት ወር አልፎታል።"

"ያየሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ማስታወቂያ ያልሽኝ ነው?"

"አዎ፣ አዴር። ሶማልኛ ማንበብ አልችልም። ችዬም አላውቅም። ሴትየዋ ፊት አፍሬ ነው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድባቸው ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። እሳቸው ግን ስልኩን ከኪሳቸው አወጡና፣ እንደ ሌላው ጠዋት፣ ወደ ኋላ አቀበሉኝ።

"አንብቢልኝ" አሉ።

"ባልደረባዬ ነግራኛለች፤ የሚለው..."

"ምን እንደሚል አልጠየቅኩሽም። እሷ የጻፈችውን አንብቢልኝ።"

አወጣሁት። ከ"አቦ" ጀመርኩ። ፊደሉን እያየሁ፣ የወጣልኝን ድምፅ እያወጣሁ፣ እየተደናቀፍኩ አነበብኩ። የት ላይ መላላት፣ የት ላይ መጥበቅ እንዳለበት አላውቅም፤ ቃል ከቃል እቀላቅላለሁ። እሳቸው ግን የሰበርኩትን ቃል ከንፈራቸው ላይ እያቃኑ ይከተሉኛል። ባልደረባዬ በአማርኛ ስትመልሰው የዘለለችው የሕፃኗ ስም ላይ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ፤ "የእናቴ ስም ነው" አሉ። ይህንን ባልደረባዬም አላወቀችም ነበር። "ቀጥዪ" አሉኝ። ቀጠልኩ። መናኸሪያው፣ ሶላቱ፣ እጠብቅሃለሁ፣ ይቅር ካልከኝ። ካነበብኩት ቃል ግማሹ ለኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ባዶ ድምፅ ነበር። ከእሳቸው ግን አንዲቷ እንኳን አላመለጠችም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ረቡዕ ጠዋት ትርጉሙን ማወቅ አያስፈልገኝም ነበር። የተጻፈውን ድምፅ አውጥቼ ባነበው፣ እንዲሁ እየተደናቀፍኩ፣ ይበቃ ነበር።

ስጨርስ ፊታቸውን ሳያዞሩ "ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው።